የውጭ ዜጎች ባለቤትነት በኢትዮጵያ ጋዜጦች ታሪክ

በኢትዮጵያ የውጭ ዜጎች ጋዜጣ ማሳተማቸው የቆየ ነገር ነው፤ በሕግ መከልከላቸው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በአገሪቱ ይወጡ ከነበሩት ጋዜጦች በርካቶቹን ያቋቋሟቸው የውጭ ነጋዴዎች፣ ሚሲዮናውያንና ጠበቆች ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፊ ስፍራ የሚገባው «አዕምሮ» ነው። ጋዜጣውን እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ በአዲስ አበባ የጀመረው አንድሪያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። መጀመሪያ የሚዘጋጀው በእጅ እየተጻፈ ስለነበር በአንድ ዕትም ከ24 ቅጂ አይበልጥም ነበር፤ ማባዣ መሣሪያ ሲገኝ ወደ 200 ከፍ አለ። ቁጥሩ ቢያንስም አንባቢዎቹ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ነበሩ። ካቫዲያ መሥራችም አዘጋጅም ቢሆን፣ ጋዜጣው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አንድ ሳምንት ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ «የግሪካዊ ጋዜጣ» ብሎ ማለፍ ጉዳዩን ያሳንሰዋል፤ ሥራው የነጋዴው፣ ከለላው የቤተ መንግሥቱ፣ ቋንቋው ደግሞ የአገሩ ነበር። በዚያው 1902 በሞምባሳ ህንዳዊው ነጋዴ ጂቫንጂ ያቋቋመው «አፍሪካን ስታንዳርድ» ግን በእንግሊዝኛ ይታተም ነበር። «አዕምሮ»ን ከሌሎቹ የሚለየው በአገሩ ቋንቋ መጻፉ ነው።

የፈረንሳይኛዎቹ ጋዜጦች ታሪክ ሌላ ነው። የካፑቺን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1905 በሐረር «ለ ሰመር ዴትዮፒ»ን ማሳተም ጀመሩ፤ ኋላም ጋዜጣው የባቡሩ ከተማ ወደሆነችው ድሬዳዋ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ፈረንሳዊው ጠበቃ አሌክሲ ዴቫዥ በአዲስ አበባ «ኩሪዬ ዴትዮፒ»ን መሠረተ፤ እሱም እስከ 1936 ቆይቷል። ሁለቱም ስለ ኢትዮጵያ ብዙ መረጃ ትተዋል፤ ፈረንሳይኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ ግን ተጠቃሚ አልነበረም።

ራስ ተፈሪ መኮንን ማተሚያ ቤት አቋቁመው ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»ን ሲያስጀምሩ የጋዜጣው ዓለም ሚዛን ወደ መንግሥት አዘነበለ። በወረራው ዘመን «ኮሪየሬ ዴል ኢምፔሮ» የወራሪው ድምፅ ሆነ፤ ይህ የነጋዴ ሳይሆን የጦር ኃይል ባለቤትነት ነው። ከነፃነት በኋላ «አዲስ ዘመን» ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ። በ1935 የተጀመረው «ኢትዮጵያን ሄራልድ» አፍሪካ አሜሪካዊው ዊሊያም ስቲንና የጉያና ተወላጁ ዴቪድ ታልቦት በአዘጋጅነት የሠሩበት ጋዜጣ ነው። የውጭ ሰው በብዕሩ ይፈለግ ነበር፤ ባለቤቱ ግን መንግሥት ነበር። በደርግ ዘመንም ይኸው ቀጠለ።

የግል ፕሬስ በሕግ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው፤ የማሳተም መብቱ የተሰጠውም ለኢትዮጵያውያን ነበር። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 270/2005ም የመገናኛ ብዙኃን አገልግሎትን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ከተከለሉ ዘርፎች መደበው። የውጭ ባለቤትነት ሥጋት ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አይደለም፤ አውስትራሊያዊው የመገናኛ ብዙኃን ባለሀብት ሩፐርት መርዶክ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ዜግነቱን መቀየር ግድ ሆኖበታል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሩን ከፈት አድርጎ የውጭ ዜጋ እስከ 25 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ ፈቀደ።

ክልከላው ግን ጋዜጣን ከጥገኝነት አላዳነውም። የግል ጋዜጦች ወረቀቱ ከውጭ እየገባ የሚታተሙት በአብዛኛው አራት ኪሎ በሚገኘው የመንግሥት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ2004 ለአሳታሚዎች ያቀረበው የውል ሰነድ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት የሚሰጠው ነበር፤ አሳታሚዎቹም ቅድመ ምርመራ ነው ብለው ተቃውመውታል። ስለዚህ የአንድን ጋዜጣ ባለቤትነት ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አሳታሚውን፣ ዋና አዘጋጁንና ማተሚያ ቤቱን የሚጠቅሰውን ሣጥን እስከ መጨረሻው መስመር ያንብብ፤ የባለአክሲዮኖቹን ማንነትም ይጠይቅ።