የሜዱሳ ፊት በየዘመኑ

የሰው ልጅ የሚወደውንና የሚያከብረውን ብቻ ሳይሆን የሚፈራውንና የሚጸየፈውንም በቀለም ሲሥል፥ በድንጋይ ሲቀርጽ ኖሯል። የሚወደውን የሣለበት ሥዕል ምኞቱን ሲገልጽልን፥ የሚፈራውን የሣለበት ሥዕል ደግሞ ከምኞቱ ጠልቆ የተሰወረውን ልቡን ይገልጽልናል። ስለዚህ የአንድን ዘመን መንፈስ ሊመረምር የሚፈልግ ሰው የዚያን ዘመን ጀግኖች ሐውልት ብቻ መመልከት አይበቃውም፤ የዘመኑ ሰዎች ክፉ ብለው የሰየሙትን ፍጡር በምን መልክ እንደ ሣሉትም መጠየቅ ይገባዋል። እኛም ለዚሁ ጥያቄ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ፥ የጥንት ግሪኮች ሜዱሳ ብለው የጠሯትን፥ ጠጕሯ እባብ የሆነውን፥ ያያትን ሁሉ ወደ ድንጋይ ትለውጥ ነበር የተባለችውን ፍጡር መርጠናል። የእርሷ ፊት 2700 ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሲሣልና ሲቀረጽ ኖሯልና። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድመን ተረቱን በአጭሩ እናስታውስ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ700 ዓመት ገደማ የነበረው ባለ ቅኔ ሄሲዮድ የአማልክትን ትውልድ በቈጠረበት ድርሰቱ፥ ጎርጎኖች የሚባሉ ሦስት እኅትማማቾች እንደ ነበሩ ይናገራል፤ ስማቸውም ስቴኖ፥ ኤውርያሌና ሜዱሳ ነው። ሁለቱ ሞት የማያገኛቸው ሲሆኑ ሜዱሳ ግን ሟች ነበረች። ፔርሴዎስ የሚባል ጐልማሳ የሜዱሳን ራስ ቈርጦ እንዲያመጣ በአንድ ንጉሥ ታዘዘ። የንጉሡ አሳብ ጐልማሳው በዚያው ጠፍቶ ቢቀር እናቱን ለማግባት እንዲመቸው ነበር። ፔርሴዎስ ግን አማልክት ረድተውት፥ ፊቷን በቀጥታ ሳያይ በተኛችበት አንገቷን ቈረጠ፤ ከአንገቷም ክንፍ ያለው ፈረስ ፔጋሶስና ክሪሳኦር የተባለ ኀያል ወጡ። ራሷንም አቴና የተባለችው እንስት አምላክ ወስዳ የጦር ልብሷ ጌጥ አደረገችው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሜዱሳ በፔርሴዎስ ላይ የፈጸመችው በደል አለመኖሩን ልብ እንበል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

ይህን ተረት አስቀድመው በሥዕል ከገለጡት ሥራዎች አንዱ በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ በኤሌውሲስ የተገኘው ትልቅ እንስራ ነው። የተሠራው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ650 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ሕፃን አስከሬን ማሳረፊያ ሆኖም አገልግሏል። ፔርሴዎስን የሚያሳድዱት ጎርጎኖች በዚህ እንስራ ላይ የሰው ራስ የላቸውም፤ ራሳቸው ዙሪያውን እባብ የበቀለበት የነሐስ ድስት ይመስላል። በዚያው ምእት ዓመት ተሠርቶ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር በሚገኝ ጋን ላይ ደግሞ፥ ሜዱሳ በስተኋላዋ የፈረስ ገላ ያላት ሴት ናት፤ ፔርሴዎስም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ አንገቷን ሲቈርጥ ይታያል። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደምንረዳው፥ በዚያን ጊዜ የሜዱሳ አስፈሪነት እንጂ መልኳ ገና ተለይቶ አልታወቀም ነበር።

መልኳ የጸናው በሚቀጥለው ምእት ዓመት ነው። በኮርፉ ደሴት በአርጤምስ መቅደስ ግንባር ላይ፥ ከጣራው ሥር ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ590 እስከ 580 ባለው ዘመን ገደማ የተቀረጸችው ጎርጎን እጅግ ግዙፍ ናት። ዐይኖቿ የፈጠጡ፥ አፏ የሰፋ፥ ጉልበቷን አጥፋ የምትሮጥ ናት፤ ሁለት እባቦች እንደ መቀነት በወገቧ ተቋጥረዋል፤ ልጆቿ ፔጋሶስና ክሪሳኦርም በአጠገቧ ይታያሉ። የዚያ ዘመን የግሪክ ሠዓሊዎች የሰውን ፊት የሚሥሉት በአብዛኛው ከጎን ሆኖ ሳለ፥ የጎርጎንን ፊት ግን ዘወትር ወደ ተመልካቹ ያዞሩት ነበር። ሌሎቹ ሥዕሎች ይታያሉ፤ እርሷ ግን ታያለች።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ፊት በመቅደስ ግንባር ላይ ማኖር ለምን አስፈለገ? መልሱ «እሾኽን በእሾኽ» ከሚለው ምሳሌያችን አይርቅም። ክፉን የሚመልሰው ከእርሱ የከፋ ነው ተብሎ ስለ ታመነ፥ የጎርጎን ፊት በጋሻ ላይ፥ በጣራ ክዳን ጫፍ፥ በገንዘብ ላይ፥ በመጠጥ ጽዋ ውስጥም ሳይቀር ይሣል ነበር። በአገራችንም ጋኔን እንዲሸሽ በክታብ ላይ ትልልቅ ዐይኖች ይሣሉ እንደ ነበር የሚያውቅ አንባቢ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ሜዱሳ ጠላት ብቻ አልነበረችም፤ የተፈራች፥ ነገር ግን በደጅ የቆመች ዘበኛ ነበረች።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጥ ጀመር። ባለ ቅኔው ፒንዳር ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ490 ዓመት በዋሽንት ነፊነት ላሸነፈ ሰው በደረሰው መዝሙር ውስጥ፥ የሜዱሳ ጉንጭ ያማረ እንደ ነበረ ይናገራል። በ450 እና በ440 መካከል ገደማ ደግሞ ፖሊግኖቶስ የተባለው የሸክላ ሠዓሊ፥ ዛሬ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በሚገኝ ዕቃ ላይ፥ ሜዱሳን እንቅልፍ የወሰዳት መልከ መልካም ወጣት አድርጎ ሣላት። በጀርመን አገር በሙኒክ የሚገኘውና «ሜዱሳ ሮንዳኒኒ» የሚባለው በሮማውያን ዘመን የተገለበጠ የእብነ በረድ ፊት ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ በራሱ ላይ ትንንሽ ክንፎች፥ ከአገጩም ሥር የተቋጠሩ እባቦች ባይኖሩበት፥ የአንዲት ቀዝቃዛና ዝምተኛ ወይዘሮ ምስል በመሰለን ነበር። ፊቱ ሲለወጥ የሥራው ትርጕም አብሮ መለወጡን እናስተውል። ጥርሱን ያገጠጠውን ጭራቅ የገደለው ጀግና ነው፤ የተኛችውን ወጣት የገደለውንስ ምን ብለን እንጥራው?

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ መልስ ያዘጋጀለት የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ ነው። ኦቪድ በ8 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጨረሰው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው ድርሰቱ እንደሚተርከው፥ ሜዱሳ ብዙዎች ለጋብቻ የተመኟት ቆንጆ ነበረች፤ ይልቁንም የጠጕሯ ውበት የተደነቀ ነበር። የባሕር አምላክ የሆነው ኔፕቱን በሚኔርቫ መቅደስ ውስጥ በግድ ደፈራት። ሚኔርቫም፥ ግሪኮች አቴና የሚሏት ማለት ናት፥ ደፋሪውን ትታ የተደፈረችውን ቀጣች፤ ያንን ውብ ጠጕርም እባብ አደረገችው። በኦቪድ ድርሰት ውስጥ ይህን ነገር የሚናገረው ሌላ ሰው ሳይሆን ገዳይዋ ፔርሴዎስ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም በሠርጉ ግብዣ ላይ፥ በኢትዮጵያው ንጉሥ በቄፌዎስ አዳራሽ ተቀምጦ ነው። የንጉሡን ልጅ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አድኖ ማግባቱ ነበርና።

የግሪክና የሮማ ደራስያን «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የራቀውን ማለታቸው ስለ ሆነ፥ ይህን ተረት የአገራችን ታሪክ አድርገን ልንወስደው አይገባንም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያስተምረናል። ኦቪድ ራሱ በሌላ ድርሰቱ አንድሮሜዳ እንደ አገሯ ሰዎች መልኳ የጠቈረ እንደ ነበረ ሲጠቅስ፥ የኢጣልያ ሠዓሊዎች ፒዬሮ ዲ ኮሲሞ በ1510 ገደማ፥ ቲትያንም ከ1554 እስከ 1556 በሣሏቸው ሥዕሎች ነጭ አደረጓት። ውብ የተባለችውም ሆነች አስፈሪ የተባለችው፥ መልኳን የሚወስነው ብሩሹን የያዘው እጅ ነው።

የጥንቱ እምነት ከተሻረ በኋላም የሜዱሳ ፊት አልጠፋም። ዛሬ ኢስታንቡል በምትባለው በቁስጥንጥንያ፥ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በ6ኛው ምእት ዓመት ከምድር በታች ባሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ፥ ሁለት ዐምዶች የቆሙት ከቀድሞ ሕንፃ በተወሰዱ ሁለት የሜዱሳ ራሶች ላይ ነው፤ አንደኛው ተዘቅዝቆ፥ ሁለተኛው በጎኑ ተጋድሞ ይገኛል። አንዳንዶች ይህ የተደረገው የፊቱን ኀይል ለመሻር ነው ሲሉ፥ ሌሎች ለዐምዱ ቁመት እንዲመች ብቻ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፥ በመቅደስ ግንባር ላይ ከፍ ብሎ ይፈራ የነበረው ፊት አሁን በጨለማ ውሃ ውስጥ ሸክም ተሸካሚ ሆኗል።

ከጨለማ ወደ አደባባይ ያወጣው ደግሞ የገዥዎች ፍላጎት ነው። ቀድሞም ቢሆን፥ በ1831 በፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ በተገኘው ከትንንሽ ድንጋዮች የተሠራ ታላቅ ሥዕል ላይ፥ ታላቁ እስክንድር የሜዱሳን ፊት በደረቱ ጥሩር ላይ አድርጎ ሲዋጋ እናየዋለን። በ1545 የፍሎሬንስ መስፍን ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ቤንቬኑቶ ቼሊኒን የፔርሴዎስን ሐውልት በነሐስ እንዲሠራ አዘዘው። ቼሊኒ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን፥ ነሐሱ በሚቀልጥበት ቀን በትኩሳት ተይዞ ሳለ ማዕድኑ ቢረጋበት፥ የቤቱን የቆርቆሮ ሳሕኖች ሁሉ ወደ እቶኑ ጣለ። ሐውልቱ በ1554 በከተማዪቱ ዋና አደባባይ ለሕዝብ ታየ። ፔርሴዎስ ሰይፉን ይዞ፥ የሜዱሳን ራስ ከፍ አድርጎ፥ በእግሩ ሬሳዋን ረግጦ ቆሟል። የሪፑብሊኩን ዘመን ገና ላልረሳው የፍሎሬንስ ሕዝብ ነገሩ ግልጥ ነበር፤ በመስፍኑ ላይ የሚነሣ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው ማለት ነው። ነገር ግን ሐውልቱን ቀርቦ የተመለከተ ሰው የፔርሴዎስና የሜዱሳ ፊት እጅግ ተመሳሳይ መሆኑን ያስተውላል፤ አንዱ የሌላው መንትያ ይመስላል። ይኸው ፊት ከዚያም በኋላ ለፖለቲካ አገልግሏል፤ በ1792 በእንግሊዝ አገር የታተመው የቶማስ ሮውላንድሰን ሥዕል የፈረንሳዮችን ነጻነት ጠጕሯ እባብ የሆነ ሴት አድርጎ በማሳየት አንባቢውን አስፈራርቷል።

ሆኖም ሠዓሊዎቹ ከጌቶቻቸው ይልቅ ርኅሩኆች ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። ካራቫጆ በ1597 ገደማ በጋሻ ላይ የሣላት ሜዱሳ ለሜዲቺው ታላቅ መስፍን ለፈርዲናንዶ የተሰጠች የክብር ስጦታ ነበረች፤ ፊቷ ላይ የሚታየው ግን ማስፈራራት ሳይሆን መፍራት ነው፤ አፏ ለጩኸት ተከፍቷል፥ ዐይኗ የራሷን ሞት ያያል። ሠዓሊው ለዚህ ፊት የራሱን መልክ አውሷል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በሮማ በካፒቶል ቤተ መዘክር የሚገኘው የቤርኒኒ እብነ በረድ ደግሞ፥ በ17ኛው ምእት ዓመት መካከል ገደማ የተቀረጸ ሲሆን፥ እባቦቹ በራሷ ላይ ሲጠማዘዙ ፊቷ በሐዘን የተጨማደደ ሴት ያሳየናል። ያን ፊት የሚያይ ሰው ወደ ድንጋይ የተለወጠችው እርሷ ራሷ መሆኗን ይረዳል። ፈረንሳዊቱ ቀራጺ ካሚይ ክሎዴልም በ1902 በፈጸመችው የፔርሴዎስ ሐውልት ላይ ለተቈረጠው ራስ የገዛ ራሷን መልክ ሰጠችው።

በመጨረሻም ተረቱ ፈጽሞ ተገለበጠ። ሉቻኖ ጋርባቲ የተባለው ቀራጺ በ2008 በሠራው ሐውልት ላይ ሰይፉን የያዘችው ሜዱሳ ናት፤ በሌላ እጇ የተንጠለጠለውም የፔርሴዎስ ራስ ነው። የዚህ ሥራ የነሐስ ቅጂ በ2020 በኒውዮርክ ከተማ ከወንጀል ችሎት ፊት ለፊት በሚገኝ መናፈሻ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ብዙዎች የተበደሉ ሴቶች ፍትሕ ምልክት ነው ብለው አመሰገኑት። ሌሎች ግን የደፈራት ሌላ ሆኖ ሳለ የፔርሴዎስን ራስ መያዟ ፍትሕ ነውን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰይፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በመተላለፉ ብቻ ፍርድ አይስተካከልምና።

እነሆ፥ የአንዲት ሴት ፊት በየዘመኑ ዘበኛ፥ ቆንጆ፥ የዐምድ መቆሚያ፥ የገዥ ማስፈራሪያ፥ የሐዘን ምስል፥ በመጨረሻም ተበቃይ ሆኖ አየነው። ሜዱሳ ራሷ ስለ ራሷ የተናገረችው አንድ ቃል እንኳ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አልደረሰንም፤ በደሏን እንኳ የሰማነው ከገዳይዋ አፍ ነው። ስለዚህ የተለወጠችው እርሷ ሳትሆን የሚመለከቷት ሰዎች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። ለሚያስተምር፥ ለሚማርና በሕዝብ ጉዳይ ላይ ለሚፈርድ ሰው ሁሉ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም፤ አንድን ሰው ወይም አንድን ወገን ጭራቅ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል በፊታችን ሲቀርብ፥ ፊታችንን ከማዞራችንና ሰይፍ ከመምዘዛችን አስቀድሞ፥ ሥዕሉን ማን እንደ ሣለውና ምን ፈርቶ እንደ ሣለው እንጠይቅ። ፔርሴዎስ ያሸነፈው ባለማየት ነው፤ እኛ ግን አይተን እንድንፈርድ ዐይን ተሰጥቶናል።