የሞተን ተማሪዎችና የሙዚቃ መምህርቷ ጥያቄ



ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ለተማሪዎች ካውንስል ልወዳደር ነው» ወይም «በትምህርት ቤታችን ጋዜጣ ላይ ስለ ምሳችን ጥራት ልጽፍ ነው» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? በታክሲዬ ከተሳፈሩ ያገሬ ሰዎችም ሆነ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከማገኛቸው ወላጆች ደጋግሜ የሰማሁት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «አርፈህ ትምህርትህን ተማር፣ ሌላው አያገባህም» የሚል። መልሱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ታሪክ ወዴት እንዳመራ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንት ቤት እንደተዘጋ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ወንድሙን ወይም አጎቱን በዚያ ያጣ ቤተሰብ፣ ልጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ እኛ ወደዚህ አገር ከመምጣታችን ብዙ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ከምንኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ሰዓት ያህል ቢነዱ በሚደርሱባት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ልጆቻችን ዛሬ ከማንም ጋር በአንድ ክፍል እንዲቀመጡ መንገድ የከፈቱ ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ዛሬ የምተዳደረው በታክሲ ሥራ ቢሆንም አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበርና፣ ይህን ታሪክ ሳልተርክልዎ ማለፍ አልሆነልኝም። ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ ፋርምቪል ትባላለች፤ በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ መቀመጫ ናት። በዚያ ዘመን የጥቁርና የነጭ ልጆች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር። የጥቁሮቹ ሮበርት ሩሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲሠራ ለ180 ተማሪዎች ታስቦ ነበር። በ1951 ግን የተማሪው ቁጥር ከ450 በልጦ ነበር። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ሌላ ሕንፃ በመሥራት ፈንታ ሬንጅ በተቀባ ወፍራም ወረቀት የተሸፈኑ የእንጨት ቤቶች በግቢው ውስጥ አቆመላቸው። ዝናብ ሲዘንብ ያፈሳሉ። በክረምት ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ሲያልበው፣ ራቅ ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል። ተማሪዎቹ «የዶሮ ቤት» ይሏቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ምግብ ቤትና ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ የነጮቹ ትምህርት ቤት ግን እነዚህ ሁሉ ነበሩት። ርእሰ መምህሩና የወላጆች ኮሚቴ ለቦርዱ ደጋግመው ቢያመለክቱም የሚሰጣቸው መልስ «ታገሡ» የሚል ብቻ ነበር።

ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ዝምተኛና መጽሐፍ ወዳድ ልጅ። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ብሶቷን ለሙዚቃ መምህርቷ ለአይኔዝ ዳቨንፖርት ነገረቻቸው። መምህርቷ አላጽናኗትም፣ አብረዋትም አላማረሩም። ታዲያ ለምን አንድ ነገር እንደማታደርግ ነበር መልሰው የጠየቋት። ባርባራ መጀመሪያ ላይ መምህርቷ ጉዳዩን ንቀው ያሰናበቷት መስሏት ነበር። ጥያቄው ግን ከውስጧ አልወጣም። አንድ ጠዋት አውቶቡስ አምልጧት መንገድ ዳር ቆማ ሳለች የነጮቹ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ሆኖ በፊቷ ሲያልፍ አየች። ነገሩ የቆረጠላት ያን ዕለት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና እንደ አስተማሪ ልናገር። አገር ቤት የተማረ ሁሉ የክፍል አለቃን ያውቀዋል። አለቃ ማለት ጠመኔ የሚያመጣ፣ ደብተር የሚሰበስብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህሩ ሲወጣ የረባሾችን ስም በወረቀት ጽፎ የሚጠብቅ ልጅ ነው። የመምህሩ ዓይን ነበር እንጂ የተማሪው አፍ አልነበረም። ሚኒ ሚዲያም ነበረን፤ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ልጆች ግጥምና አባባል ያነብቡበታል። ስሙን ለመናገር የሚያፍር ልጅ ያን ማይክሮፎን ይዞ በጥቂት ወር ውስጥ አንገቱን ቀና ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን «የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል» የሚል ዜና በዚያ ማይክሮፎን ሲነበብ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የአይኔዝ ዳቨንፖርት ጥያቄ ለእኔ ትልቅ የሚሆንብኝ ለዚህ ነው። መምህርቷ ለልጅቷ አለቅነት አልሾሙላትም፣ የምትለውንም አልጻፉላትም። ጠየቁና ለልጅቷ ተዉት።

ባርባራ በትምህርት ቤቱ ይሰማሉ የምትላቸውን ተማሪዎች በስፖርት ሜዳው መቀመጫ ላይ በድብቅ ሰበሰበች። ከእነርሱም መካከል የተማሪዎች ካውንስል ፕሬዚዳንት የነበረችው ካሪ ስቶክስና ወንድሟ ጆን ነበሩ። ወራት አቀዱ፤ ምስጢሩም አልወጣም። ሚያዝያ ውስጥ፣ ማለትም ኤፕሪል 23 ቀን 1951፣ ለርእሰ መምህሩ ለቦይድ ጆንስ ስልክ ተደወለላቸው። ተማሪዎችዎ አውቶቡስ ጣቢያ ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል ተባሉና ወደ ከተማ ወጡ። (የርእሰ መምህሩና የልጅቷ የአባት ስም በእኛ ፊደል አንድ ይምሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም።) ወዲያው ለየክፍሉ ሁሉም ወደ አዳራሽ እንዲመጣ የሚል ማስታወሻ ተላከ። ማስታወሻው የርእሰ መምህሩ ስም መነሻ የሆኑት «ቢ» እና «ጄ» የሚባሉ ፊደላት ነበሩበት፤ የባርባራም ስም መነሻ እነዚያው ፊደላት ናቸው።

መጋረጃው ሲከፈት በርእሰ መምህሩ ፈንታ ባርባራ ቆማ ታየች። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች፤ ሲያንገራግሩም ጫማዋን አውልቃ አግዳሚ ወንበሩን ደበደበችበት። ከዚያም የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ በሚል መንፈስ ስለ ቤቶቹ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ቦርዱ ባዶ ተስፋ ተናገረች። ከ450 በላይ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ወጡ። ይህ ማታለል ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እኔም አስተማሪ ነበርኩና የተጭበረበረ ማስታወሻ ደስ አይለኝም። ሆኖም ለዓመታት በትክክለኛው በር ሲያንኳኩ የነበሩት ትልልቆቹ ምን እንዳገኙ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ጩኸቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት የተጻፈው ደብዳቤ ነው። ባርባራና ካሪ ሪችመንድ ለሚገኙት፣ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ለሚባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቆች ለኦሊቨር ሂልና ለስፖትስውድ ሮቢንሰን እርዳታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። ጠበቆቹ ከሁለት ቀን በኋላ መጡ። ሐሳባቸው ልጆቹን መክረው ወደ ክፍል መመለስ ነበር፤ ልጆቹን ካነጋገሩ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ክሱ የተሻለ የጥቁር ትምህርት ቤት ለማግኘት ሳይሆን መለያየቱን ራሱን ለማስቀረት እንዲሆን፣ ወላጆችም እንዲፈቅዱ። በቄስ ፍራንሲስ ግሪፊን ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ስብሰባ የተቃወሙ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። እንጀራቸው በነጮች እጅ ነበርና ፍርሃታቸው ባዶ አልነበረም። አብዛኛው ወላጅ ግን ከልጁ ጎን ቆመ። ሜይ 23 ቀን 117 ተማሪዎች ከሰሱ፤ መዝገቡም ዶሮቲ ዴቪስ በተባለች የ14 ዓመት ልጅ ስም ተከፈተ። በሥር ፍርድ ቤት ተሸነፉ። ጉዳዩ ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሜይ 17 ቀን 1954 «ብራውን» በሚባለው ታላቅ ፍርድ በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ሆነ። ከአምስቱ ጉዳዮች በተማሪዎች የተጀመረው የፋርምቪሉ ብቻ ነው።

ዋጋውን ደብቄ ግን አልተርክልዎትም። የቦይድ ጆንስ የሥራ ውል ሳይታደስ ቀረ። ባርባራም ለደኅንነቷ ሲባል ወደ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ፣ አጎቷ ቄስ ቨርነን ጆንስ ዘንድ ተላከች። (በነገራችን ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተተኩት በእኚህ አጎቷ ቦታ ነው።) የከፋው ገና ነበር። ካውንቲው በ1959 ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጋ። ለነጭ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው። የጥቁር ልጆች ግን አንዳንዶቹ ዘመድ ወዳለበት ሌላ ከተማ ተላኩ፣ አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቆጠሩ፣ ሌሎቹም እርሻ ገቡና ወደ ትምህርት ሳይመለሱ ቀሩ። በሮቹ የተከፈቱት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1964 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ለነዚያ ሰዎች የትምህርት ድጎማ የፈቀደው በ2004 ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ የልጅ ልጅ አይተዋል። «ታዲያ ይኸው አይደል የምንፈራው!» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ትምህርት ቤቱን የቆለፉት ተማሪዎቹ ሳይሆኑ ባለ ሥልጣኖቹ መሆናቸውን ላስታውስዎ እወዳለሁ።

ዛሬ ያለውን ሕግ በአጭሩ ልንገርዎ። በ1965 በአይዋ፣ ዲ ሞይን ከተማ፣ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው በመምጣታቸው ከትምህርት የታገዱ ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዷ ሜሪ ቤት ቲንከር 13 ዓመቷ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ለልጆቹ ፈረደ፤ ትምህርት እስካልታወከ ድረስ ተማሪ ሐሳቡን መግለጽ ይችላል። በ1988 ደግሞ በሚዙሪ ሄዝልዉድ በተነሣ ጉዳይ፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን መቆጣጠር እንደሚችል ወሰነ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ይህን ለተማሪው የሚያላላ ሕግ አውጥተዋል፤ ሜሪላንድ በ2016 ከእነርሱ አንዷ ሆናለች። እንግዲህ ልጅዎ ስለ ምሳው ሊጽፍ ቢነሣ ወንጀል አልሠራም፤ ከመከልከልዎ በፊት የጻፈውን አምጣ ብለው ቢያነቡለት ይሻላል።

ባርባራ ጆንስ ኋላ አምስት ልጆች አሳድጋ በፊላደልፊያ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆና ኖረች፤ ያረፈችው በ1991 ነው። ቨርጂኒያ በዋሽንግተኑ ካፒቶል አቁማው የነበረውን የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት በዲሴምበር 2020 አንሥታ በቦታው እርሷን መረጠች፤ ሐውልቷም በዲሴምበር 2025 ተመረቀ። የሞተን ትምህርት ቤት ሕንፃ ደግሞ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሬንጅ የተቀቡት ቤቶች የሉም፤ ተማሪዎቹ የተሰበሰቡበት አዳራሽ ግን አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩት የሚፈልጉ ቤተሰቦች ካሉ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ስማቸውን ይተዉ፤ መንዳቱን ለእኔ ይተዉልኝ።