ለመከላከያ ምርምርና ለሙከራ ናሙና ግዥ የሚደረጉ ልዩ ስምምነቶች

የመንግሥት ግዥ በመደበኛ ሥርዓቱ የሚጀመረው ገዥው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ አዘጋጅቶ ጨረታ በማውጣት ነው። ገና ላልተሠራ መሣሪያ ግን የተሟላ መግለጫ ማዘጋጀት አይቻልም። በመሆኑም ለምርምርና ለሙከራ ናሙና (ፕሮቶታይፕ) ሥራ የሚደረግ ስምምነት ክፍያውን ከሥራው ደረጃዎች ጋር ያያይዛል፤ ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከምና የተገኘው ዕውቀት የማን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይወስናል።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጎልቶ የሚጠቀሰው ታሪክ ከግሸን ደብረ ከርቤ በስተደቡብ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ በሚገኘው መቅደላ አምባ ላይ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የሰፈሩትን አውሮፓውያን መድፍ እንዲሠሩ ሲያዝዙ፣ ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ለወንጌል ስብከት የመጡ እንጂ በመድፍ ሥራ የሠለጠኑ አልነበሩም። ሥራው በሙከራ፣ በመክሸፍና እንደገና በመጀመር ተከናወነ። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሆነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። ትእዛዙ ግን ስምምነት ለመባል የሚበቃ አልነበረም፤ ሠሪው «አልችልም» ብሎ የሚወጣበት በር አልነበረውምና።

በአሜሪካ ከመደበኛው የግዥ ደንብ ውጭ የመዋዋል ሥልጣን በመጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1958 ለጠፈር ምርምር ተቋሙ ለናሳ ነው። የመከላከያ ምርምር ተቋም በ1989 ያገኘው ሲሆን፣ በ1993 ለጦር መሣሪያ ናሙናዎችም ተፈቀደ።

በኢትዮጵያ የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለምርምር፣ ለሙከራና ለጥናት የሚደረግን ውል በሁለት ደረጃ ጨረታ መፈጸም የሚቻልበትን መንገድ አስቀምጦ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ተወዳዳሪዎች ያለ ዋጋ የቴክኒክ ሐሳባቸውን ያቀርባሉ፤ መግለጫው ከተስተካከለ በኋላ ዋጋ ይጠየቃል። ለብሔራዊ ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባልም የተለየ የግዥ ሥርዓት እንዲወሰን ይፈቅድ ነበር። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ስለተተካ፣ አመልካች ሊመለከተው የሚገባው አዲሱን አዋጅ ነው።

የፈጠራ ባለቤት ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር፣ በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ፈጠራ የፓተንት መብት የሚሆነው ለአዛዡ ወይም ለአሠሪው ነው። በውሉ ላይ ዝም ያለ ሠሪ መብቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን ለማንኛውም ገዥ ከማሳየት በፊት ማመልከቻውን ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማቅረብ፣ በውሉም ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ዕውቀት በሥራው ሂደት ከሚገኘው ለይቶ ማስፈር ይገባል። ናሙናው ከተሳካ ቀጣዩን የብዛት ምርት ማን እንደሚያመርትም በዚያው ውል መጻፍ አለበት።