ቤቱም የፋብሪካው ነበር

በሁለቱ ካሮላይናዎች፣ በጆርጂያና በአላባማ ባሉ የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ቤት የሚሰጠው በደንብ ነበር። ፋብሪካው ቤት ሠርቶ ያከራያል፤ ኪራዩ ርካሽ ነው፤ በየሳምንቱም ከደመወዝ ይቆረጣል። በብዙዎቹ መንደሮች ግን ሌላም ደንብ ነበረ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ከቤተሰቡ አንድ ሠራተኛ መቅረብ አለበት። ባለ አራት ክፍል ቤት የፈለገ ሰው አራት ሰው ያስገባል፤ ራሱ ይገባል፣ ሚስቱ ትገባለች፣ የደረሰችው ልጁ ትገባለች፣ ገና ያልጠናውም ልጅ ይከተላል። ስለነዚያ ሠራተኞች ኑሮ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ደንብ ያህል ብዙ የሚናገር አላገኘሁም። ፋብሪካው የሚቀጥረው ቤተሰብን በሙሉ ነበር።

ሰዎቹ በብዛት ከአፓላቺያን ተራሮች የወረዱ ወይም በሰው መሬት ላይ በእኩል ሲያርሱ የኖሩ ነጭ ድኾች ናቸው። የጥጥ ዋጋ ሲወድቅና ነቀዝ ማሳውን ሲጨርሰው ልጆቻቸውን ይዘው ፋብሪካ ደጃፍ ደረሱ። በመጡበት መንደር ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑም የቆመው በባለፋብሪካው ገንዘብ ነበር። ሰባኪው ከደመወዙ ከፊሉን የሚቀበለው ከዚያው ከፋብሪካው ነው። ንጋት ላይ ሰውን ሁሉ ከአልጋው የሚያስነሳው የፋብሪካው ጡሩምባ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ ሠራተኞቹ ማታ ፀጉራቸው ጥጥ ለብሶ ሲወጡ እያየ «ባዘቶ ራስ» እያለ ይሰድባቸው ነበር። ጥቁሮች ከመፍተያውና ከሽመናው መኪና ይርቁ ነበር፤ ለእነርሱ የተተወላቸው ቦንዳ መፍታት፣ ሸክምና ጽዳት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያረጁትን ሠራተኞች በየቤታቸው እየሄዱ ጠይቀው ነበር፤ ሥራቸውም በ1987 በመጽሐፍ ታተመ። ሽማግሌዎቹ መንደሩን ሲያስታውሱ ምሬት ብቻ አይደለም የሚወጣቸው። መንደሩ እንደ አንድ ቤተሰብ ነበር ይላሉ። የታመመ ሲኖር ጎረቤት ያበስልለታል፤ አሳማ ሲታረድ ሥጋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ በየጓሮው ጎመንና ባቄላ አለ። ፋብሪካ ውስጥም ቢሆን ቀድሞ ትንሽ ፋታ አይጠፋም ነበር። ፈታይዋ የተበጠሰውን ክር ትቀጥልና መኪናው በደህና ሲሄድ ከጓደኛዋ ጋር ታወጋለች፤ የሚጠባ ልጅ ያላት ሮጥ ብላ ቤቷ አጥብታ ትመለሳለች።

ይህች ፋታ ናት በ1920ዎቹ የተወሰደችው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው በዝቶ ገበያው ጠበበ። ያልነጣውን የአሜሪካ ጨርቅ እኛም እናውቀዋለን፤ አቡጀዲ ነው። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባሉት የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥተው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋሉ ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው የዚህ ጨርቅ ንግድ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን የኢትዮጵያን ገበያ የጃፓን አቡጀዲ ይዞት ነበር። ገበያ የጠበበበት ባለፋብሪካ ወጪውን ከሠራተኛው ላይ ለማውጣት ተነሣ። አንድ ሰው የሚጠብቃቸው መኪናዎች ተጨመሩ፤ በመኪናው ላይ ሥራን የሚቆጥር ሰዓት ተገጠመ፤ ደመወዙ ግን ባለበት ቆየ፣ አንዳንዴም ቀነሰ። ሠራተኛው ለዚህ ነገር ያወጣለት ስም «ውጠራ» የሚል ትርጉም አለው፤ ድር ሲወጠር አይቶ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ስም ነው።

ዎል ስትሪት የወደቀው በጥቅምት 1929 ነው። ደቡብ ግን ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። በመጋቢት ቴነሲ ውስጥ በኤሊዛቤትተን የሰው ሠራሽ ሐር ፋብሪካ ሴቶቹ ሥራ አቆሙ፤ በሚያዝያ በሰሜን ካሮላይና በጋስቶንያ የሎሬይ ፋብሪካ ተከተለ። ከሎሬይ ቤቶች የተባረሩት ቤተሰቦች ድንኳን ውስጥ ገቡ። ከጋስቶንያ አቅራቢያ ኤላ ሜይ ዊጊንስ የምትባል ፈታይ ነበረች። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን ቀብራለች። በሳምንት ዘጠኝ ዶላር ገደማ የምታገኘው ሌሊት ሠርታ ነው፤ ልጆቿ ትክትክ ይዟቸው ሳለ ወደ ቀን ፈረቃ አዛውረኝ ብላ ካቦዋን ለምና እንቢ እንዳላት ራሷ በየስብሰባው ትናገር ነበር። መኖሪያዋ በጥቁሮች ሰፈር ነበርና ጥቁሮቹንም ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ጠርታለች። የእናቶችን ኑሮ በዘፈን ትገጥምም ነበር። መስከረም 14 ቀን 1929 ወደ ስብሰባ ስትሄድ የተሳፈረችበት ካሚዮን ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሞተች። በቀን ብርሃን በሰው ፊት የተፈጸመ ነበር፤ የተከሰሱት ግን በነፃ ተለቀቁ። አምስቱ ልጆቿ ወደ ወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ተላኩ።

ከዚያ በኋላ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ፋብሪካዎቹ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ ሆነ። ኪራዩና የሱቁ ዱቤ ተቆርጦ የደመወዙ ፖስታ ባዶውን የሚወጣበት ሳምንት ነበር። የቤት እመቤቲቱ ሙያ ያን ጊዜ ነው የሚታየው፤ የዱቄት ከረጢት ተቀዶ የልጅ ቀሚስ ይሆናል። ማዕዱ የበቆሎ ዱቄት፣ የአሳማ ጮማና የሸንኮራ ሽሮፕ ነው። ቆዳን አቁስሎ፣ ሆድን አበላሽቶ፣ በመጨረሻም አእምሮን የሚነካው ፔላግራ የሚመጣው ከዚሁ ማዕድ ነበር። ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1916 ጀምሮ በደቡብ ካሮላይና የፋብሪካ መንደሮች ቤት ለቤት የበሉትን እየመዘገበ፣ በሽታው ተላላፊ እንዳልሆነና ወተት፣ ሥጋና አትክልት ለሚያገኝ ቤተሰብ እንደማይደርስ አሳይቶ ነበር። መድኃኒቱ ታውቋል፤ መግዣው የለም።

በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት ያወጣው የጥጥ ኢንዱስትሪ ደንብ ለመንደሩ ሰው እንደ ምሥራች ነበር። የሳምንቱ ሥራ 40 ሰዓት ሆነ፤ የደቡብ ዝቅተኛ ደመወዝ በሳምንት 12 ዶላር ተወሰነ፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከፋብሪካ ወጡ። ባለፋብሪካው ግን በ40 ሰዓት ውስጥ የ55 ሰዓቱን ሥራ ፈለገ፤ ውጠራው ባሰ። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት፣ በእርሳስ፣ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ለፕሬዚዳንቱና ለባለሥልጣኖቹ ዋሽንግተን ገባ። እስካሁን በአገሪቱ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ደንቡን የማስፈጸሙ ሥልጣን በባለፋብሪካዎቹ ማኅበር እጅ ስለነበር አቤቱታው ዞሮ የሚደርሰው ከተከሳሹ ዘንድ ነበር።

ደብዳቤው መልስ ሲያጣ በመስከረም 1934 ከሜይን እስከ አላባማ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በደቡብ አድመኞቹ በመኪናና በካሚዮን ተጭነው ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞሩ ሌላውን ያስወጡ ነበር። የጆርጂያው አገረ ገዥ ዩጂን ታልማጅ የጦር ሕግ አውጀው አድመኞቹን፣ ሴቶች ጭምር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ምርኮኞች በታሰሩበት በፎርት ማክፈርሰን በሽቦ አጥር ውስጥ አሰሩ። አድማው ሦስት ሳምንት ቆየ። ሩዝቬልት ባለፋብሪካዎቹን «ሠራተኞቹን ሳትለዩ መልሷቸው» ብለው ጠየቁ። አልተሰሙም፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በር ተዘጋባቸው፣ ስማቸውም በጥቁር መዝገብ ከፋብሪካ ፋብሪካ ተላለፈ። ያ የክፍልና የሠራተኛ ደንብ ያን ጊዜ ሙሉ ትርጉሙን አገኘ። አባትየው ከማኅበር ቢገባ እናትየውም ልጅየውም ሥራ ያጣሉ፤ አያትየዋ ከነአልጋዋ መንገድ ላይ ትወጣለች። ሰዎቹ ወኔ አነሳቸው የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን የሒሳብ ስሌት የረሱ ይመስለኛል።

በደቡብ ካሮላይና ሀኒያ ፓዝ በምትባል ትንሽ ከተማ መስከረም 6 ቀን 1934 በቺኮላ ፋብሪካ ደጃፍ በተከፈተ ተኩስ ሰባት ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና የከተማው ከንቲባ አንድ ሰው ነበሩ። የቀብሩ ጸሎት የተደረገው ሜዳ ላይ ነው። ለዚህ ግድያ የተቀጣ የለም። ከተማዪቱም ዝም አለች። የተረፉት በዚያው ፋብሪካ ሥራ ያገኙ ዘንድ ዝም አሉ፤ ልጆቻቸው ሳይነገራቸው አደጉ። የከንቲባው የልጅ ልጅ ጋዜጠኛ ሆኖ ነገሩን የሰማው ካደገ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለሟቾቹ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመው በ1995 ነው። በዚያው ዓመት ስለ አድማው የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች በየመንደሩ ሲዞሩ፣ ስድሳ ዓመት አልፎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ጨርሶም ለመናገር የሚፈራ ሽማግሌ አጋጥሟቸዋል።