ኦሌይል አልኮል፦ ያልጠገበው የቅባት አልኮል

በከንፈር ቀለም፣ በፀጉር ቅባትና በፊት ክሬም ዕቃ ላይ ከሚታተሙት ስሞች አንዱ «ኦሌይል አልኮል» ነው። አልኮል ስለተባለ ቆዳ የሚያደርቅ መስሏቸው የሚሸሹት አሉ፤ ስጋቱ ግን ያለቦታው ነው። ይህ 18 ካርቦን ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ በጣት ሲነካም ዘይት ዘይት ይላል። በአማርኛ «ያልጠገበ የቅባት አልኮል» ብንለው ጠባዩን ይገልጸዋል። ያልጠገበ የሚባለው በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ድርብ ቦንድ ስላለው፣ እዚያ ቦታ ላይ ገና ሃይድሮጂን መቀበል ስለሚችል ነው።

ድርብ ቦንዱ ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል። የጎበጡ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው መደርደር ስለሚያቅታቸው ኦሌይል አልኮል በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። እኩል ካርቦን ያለው፣ የጠገበው ስቴሪል አልኮል ግን እስከ 59 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሳይቀልጥ ነጭ ጠጣር ሆኖ ይቆያል።

ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከጠገቡት ጋር የተቀላቀለ ነው። ደረጃው የሚለየው በአዮዲን ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ 100 ግራም ናሙና ስንት ግራም አዮዲን እንደሚይዝ ይናገራል። የንጹሑ 94.5 ገደማ ነው። «80/85» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ያልጠገበ ነው። «50/55» ከሆነ ግን ግማሽ የሚጠጋው የጠገበ ስለሆነ ብርድ ሲነካው ይደፈርሳል፣ ይረጋልም። በእኔ እምነት ለገዢ ከስሙ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጣል።

ቀድሞ ዋና ምንጩ ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። ዛሬ ከከብት ሞራና ከዕፅዋት ዘይት በሃይድሮጂን አማካይነት ይሠራል። ድርብ ቦንዱ ሳይነካ እንዲቀር ልዩ ማነቃቂያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሃይድሮጂኑ ሰንሰለቱን አጥግቦ ወደ ስቴሪል ይለውጠዋል።

ቆዳ ከማለስለስ ሌላ ለብረት መቁረጫ ማለስለሻ ፈሳሾችና ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ይውላል። ከኢትሊን ኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ኦሌት የሚባሉትን፣ ዘይትንና ውሃን አዋህደው የሚያቆዩትን ውሁዶች ይሰጣል። አየርና ብርሃን ካገኘው ጠረኑ ስለሚበላሽ ዕቃው በደንብ ይከደን።

ሳሙናና ክሬም የምታመርቱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የጥራት ሰነዱን ጠይቁት፤ የአዮዲን ቁጥሩንና ምንጩ ሞራ ይሁን ዕፅዋት አረጋግጡ።