ሜዳ አልባው ባለሜዳ

እስኪ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወልቂጤ ላይ እንገናኝ። ዓመቱ 2014 ነው እንበል። ዲኤስቲቪ ያለው ቡና ቤት ጢም ብሏል። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፏል፤ ግድግዳ ያጣው በር ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለው አርሰናል ወይም ማንቸስተር አይደለም። የራሳቸው ክለብ ነው፤ «ሠራተኞቹ»፣ ወልቂጤ ከተማ። በመርሐ ግብሩ ላይ ስሙ ቀድሞ ስለተጻፈ የዕለቱ ባለሜዳ እርሱ ነው። ሜዳው ግን ያለው ድሬዳዋ ነው። ከሣሩ እስከ ቡና ቤቱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎል ሲገባ ቡና ቤቱ በጩኸት ይናጋል፤ ከተጫዋቾቹ አንዱም ግን አይሰማም።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? ወልቂጤ ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር። በ2012 የመጀመሪያውን የሊግ ዓመቱን ጀመረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ አመጣጡ ሌላ ነበር። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲካሄዱ ተደረገ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ኋላም አዳማ። ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ክለቦቹ በሆቴል ይኖራሉ። ስለዚህ የወልቂጤ ሰው ክለቡን በሊጉ ደረጃ በደጁ የማየት ዕድሉ ካልተጠናቀቀች አንዲት የውድድር ዓመት አላለፈም። በ2017 ሊጉ ሲጀመር ደግሞ ከተሳታፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የወልቂጤ ስም አልነበረም። ክለቡ መጣ፣ ተጫወተ፣ ሄደ። ሕዝቡ አብዛኛውን በስክሪን አየው።

ለዚህ ነው በጉራጌ ከተሞች የኳስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ የሚያርፈው። ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም መቼ ነው የሚሠራልን? ፕላኑ የታለ? መሃል ከተማ ነው ወይስ ከከተማ ወጣ ብሎ? ይህ ጥያቄ የወልቂጤ ብቻ አይደለም። በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ያየነውን ቡታጅራ ከተማን የሚደግፈው ሰውም ይጠይቀዋል። እኔ ግን መልሱን ከማፈላለጌ በፊት ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ምክንያቱም የጉራጌ ሰው የሕዝብ ሥራን ፕላን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

የ1954ቱ ጥር

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ይህን ታሪክ ሁላችንም ከአባቶቻችን ስንሰማ አድገናል። ብዙ ጊዜ የማናነሳው ግን ቦታውን ነው። ስታዲየሙ መሃል ከተማ ነው። ከመስቀል አደባባይ እዚያው፣ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ እዚያው። ከመርካቶ የወጣ ነጋዴ፣ ሳጥኑን ያነገተ ሊስትሮ፣ ከቢሮ የወጣ ጸሐፊ፣ ሁሉም በእግሩ ይደርስበታል።

ያ ሜዳ ከዋንጫው በኋላ የከተማዋ አንድ ሰፈር ሆነ። እስከ ዛሬ የታክሲ ረዳት «ስታዲየም! ስታዲየም!» ብሎ ሲጣራ ሰው የሚገባው ኳስ ሊያይ ብቻ አይደለም። ውስጡንም ደጋፊው በራሱ ስም ከፋፍሎታል፤ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። እነዚህን ስሞች በፕላን ላይ የጻፈ መሐንዲስ የለም። ሕዝብ ደጋግሞ ስለመጣ የወጡ ስሞች ናቸው። ሕዝብ ደጋግሞ የሚመጣው ደግሞ ቅርብ ሲሆን ነው።

አሁን ስድሳ ዓመት እንዝለልና ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ላይ እንቁም። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው! ምክንያቱም በ2014 መጀመሪያ ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም መሥፈርቴን አያሟላም ብሎ ሲያግደው ብሔራዊ ቡድኑ በአገሩ የሚጫወትበት ሜዳ አጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከጋና ጋር የነበረውንም «የሜዳ» ጨዋታ ያደረገው ደቡብ አፍሪካ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። በአፍሪካ ዋንጫ መሥራቾች አንዷ የነበረች፣ ውድድሩን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ያስተናገደች አገር ሜዳ ተከራየች። ወልቂጤ በአገር ውስጥ የደረሰበት ነገር በኢትዮጵያ ላይ በአህጉር ደረጃ ደረሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ስታዲየም አልሠራንም ማለቴ አይደለም። በ2000ዎቹ የስታዲየም ግንባታ ወረት ነበር። የባሕር ዳሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2008 የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ሥዕላቸው ሲታይ ዓይን ይሞላል። ግን ካፍ የሚመዝነው ሥዕሉን አይደለም። የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን፣ የወንበሩን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ የሣሩን ነገር ነው የሚጠይቀው። እኛ ከላይ የሚታየውን ትልቁን ነገር አስቀደምን፤ ከታች ያለው ትንሹ ነገር ጣለን።

መንገዱን ማን ሠራው?

በዚያው በ1950ዎቹ፣ ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ከፍ ሲል፣ ጉራጌ አገር ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከዋና ከተማዋ ወደ ጅማ የሚሄደው አውራ ጎዳና በወልቂጤ በኩል ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ፣ ወደ እምድብርና ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ አገር ለመግባት ግን መንገዱ የበቅሎና የእግር ነበር። ታማሚ በቃሬዛ ነው የሚመጣው። በምሥራቅ በኩልም፣ በሶዶ ክስታኔና በቡታጅራ ሰው ዘንድ ችግሩ ያው ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? ማኅበር አቋቋሙ። በምሥራቁ በኩል ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የመንገድ ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። በምዕራቡ ደግሞ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው በየትውልድ ቦታውና በየጎሳው ተደራጅቶ አዋጣ። አገር ቤት ያለው ገበሬ ጉልበቱን አዋጣ። መንግሥትም ድርሻውን ጨመረ። ጉዳዩ በአገራችን እንግዳ ነገር ስለነበር ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር የዓለም ገናውን ማኅበር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ድርሳን አድርገው አቅርበውታል። የጉራጌው ድርጅትም ከጊዜ በኋላ ራስ አገዝ ወደሚባለው የልማት ድርጅት አድጓል።

እኔን የሚገርመኝ የገንዘቡ መሰብሰብ አይደለም። ገንዘብማ ዛሬም ይሰበሰባል፤ ለክለብ ማጠናከሪያ፣ ለቴሌቶን፣ ለማሊያ። የሚገርመኝ እምነቱ ነው። በቀን ጥቂት ሳንቲም የሚያገኝ ሊስትሮ መርካቶ ተቀምጦ፣ በዓይኑ ለማያየው መንገድ ሳንቲሙን የሚሰጠው ለምንድን ነው? ሰብሳቢውን ስለሚያውቀው ነው። ሰብሳቢው የአገሩ ልጅ ነው፤ ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ ይገናኛሉ። «የት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ ሳይሰጠው ማለፍ አይችልም። መንገዱንም መስቀል በመጣ ቁጥር በእግሩ እየረገጠ ይለካዋል። ዘንድሮ እስከ እዚህ ደርሷል፤ ለከርሞ እስከዚያ። ከዚህ የበለጠ የሒሳብ ምርመራ የት ይገኛል?

መሃል ከተማ ለምን?

አሁን ወደ ስታዲየሙ። ብዙ ባለሥልጣን ስታዲየም ሲያስብ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ ቦታ ነው የሚታየው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ መሬት የሚተላለፈው በሊዝ ነው። መሃል ከተማ ያለ ቦታ ለጨረታ ቢወጣ ለማዘጋጃ ቤቱ ጥሩ ገቢ ነው። በዚያ ላይ ሜዳ የሚጋፋው የለም፤ ቤት የለበትም፣ ካሣ አይጠይቅም። በየከተማችን ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ያደጉት ሜዳ አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጥሮ የሚገኘው ለዚህ ነው። ያው አዋጅ ግን ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የሕግ ሳይሆን የፍላጎት ነው።

ቅርበት ያለውን ዋጋ ለማወቅ ደግሞ ቡና ቤቱ ውስጥ ከሚታዩት ክለቦች አንዱን እንጠይቅ። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የቻምፒየንስ ሊግ የሜዳ ጨዋታዎቹን ብዙ ሰው በሚይዘው በዌምብሌይ አደረገ። ሁለቱንም ጊዜ ከምድቡ ማለፍ አቃተው። ከዚያ በኋላ የራሱን ትልቅ ስታዲየም ሲሠራ የለንደንን ዳርቻ አልመረጠም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሃይበሪ የገባበት ኤምሬትስ ከድሮው ሜዳ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ደጋፊው በለመደው ሰፈር፣ በለመደው መንገድ ይሄዳል። እንግሊዝ አገር ባቡር ሞልቶ ሳለ ይህን ካሰቡበት፣ በባጃጅና በእግር በሚኬድበት ወልቂጤና ቡታጅራማ እንዴት!

ቅርብ ስታዲየም ለከተማው ገበያም ነው። ጨዋታ ያለ ቀን ክትፎ ቤቱ፣ ቡና ጠጪው፣ ቆሎ ሻጩ፣ አልጋ ቤቱ፣ መናኸሪያው ሁሉም ይሠራል። ስታዲየሙ ከከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ከወጣ ግን ይህ ሁሉ አብሮት አይወጣም። ከጨዋታ ቀን ውጭ ፍየል የሚግጥበት የኮንክሪት ግንብ ሆኖ ይቀራል።

ውኃ ሳይኖር ስታዲየም?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ቆይ እንጂ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። በየካቲት 2015 የወልቂጤ ነዋሪ ባዶ ጀሪካን ይዞ ውኃ ሊጠይቅ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን የሚያህል ሐዘን ባየ ከተማ ስለ ስታዲየም መጻፍ ቅንጦት ይመስላል።

እኔ ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። የውኃውም የስታዲየሙም ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው። ከተማው በራሱ ጉዳይ ላይ ምን ታቅዷል፣ ስንት ተመድቧል፣ የት ደረሰ የሚለውን ማወቅ አለመቻሉ ነው። ቅድሚያ ለውኃ ይሰጥ ከተባለ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ። ግን ቅድሚያው ይነገረን! «ስታዲየሙ ይደርሳል» እየተባለ ውኃውም ስታዲየሙም የማይመጣበት ሁኔታ ነው የሚያስመርረው። በ2015 መጨረሻ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። ሁለት ዞን ማለት ሁለት በጀት፣ ሁለት ጥያቄ፣ ምናልባትም ሁለት የመሠረት ድንጋይ ማለት ነው። ሁለት ያልተጠናቀቁ ግንቦች እንዳይሆኑብን ነው ፍርሃቴ።

ፕላን ማለት

ስለዚህ ደጋፊው «ፕላኑ የታለ?» ሲል ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል ከሆነ የሚፈልገው በሳምንት ውስጥ ይሠራለታል፤ ቢልቦርድ ላይም ይሰቀልለታል። ጠቃሚው ፕላን ግን ሥዕል የሌለው ሊሆን ይችላል። ቦታው የትኛው ነው፣ ካርታው በማን ስም ወጣ? መጀመሪያ የሚሠራው ምኑ ነው፤ ግንቡ ወይስ ሣሩ፣ የመልበሻ ክፍሉና መጸዳጃው? ዞኑ ስንት፣ ክልሉ ስንት፣ ሕዝቡ ስንት ያወጣል? የተዋጣው ብር የት ባንክ ነው፣ ሒሳቡን የሚያነበው ማን ነው? ሊጉ ነገ ወደ ከተሞቹ ቢመለስ አምስት ሺህ ሰው በሥርዓት የሚይዝ፣ መሥፈርት ያሟላ ሜዳ ለወልቂጤ ከበቂ በላይ ነው። ስድሳ ሺውን ለአደይ አበባ እንተውለት።

የ1950ዎቹ ሊስትሮ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የሚጠይቀው፤ «የት ደረሰ?» ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ መልሱን በእግሩ ይረግጠው ነበር። የልጅ ልጁ ዛሬ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ክለቡን በስክሪን ያያል። ለመጪው መስቀል ወልቂጤም ቡታጅራም የምትገቡ ሰዎች እስኪ እናንተም ይህንኑ ጠይቁ። ጮክ ብላችሁ፣ ግን በጨዋ ደንብ፤ «የት ደረሰ?»