የአመጋገብ መዛባት ሕመምና በአነስተኛ ወጪ የሚሰጥ ውጤታማ ሕክምና

በስንዴና በገብስ ምርታቸው በሚታወቁት የባሌ ደጋማ ወረዳዎች አንዲት ወጣት ሰውነቷ እየመነመነ ሲሄድ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የጨጓራ ሕመም፣ የአንጀት ትላትል ወይም የሳንባ ነቀርሳ ነው። እነዚህን መመርመር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምግብ በቤት ውስጥ እያለ መብላት አለመቻል፣ ወይም የበሉትን ሆን ብሎ ማስመለስ፣ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ችግር ሊሆን እንደሚችል ግንዛቤ ሊያዝ ይገባል።

ይህ ችግር የአመጋገብ መዛባት ሕመም ተብሎ ይጠራል። ሕክምናው በከፍተኛ ወጪ በተደራጁ ልዩ ሆስፒታሎች ብቻ የሚሰጥ ተደርጎ ቢታሰብም፣ ውጤታማነታቸው በጥናት የተረጋገጡት ዋና ዋና ሕክምናዎች የሚጠይቁት የሠለጠነ ባለሙያ፣ መደበኛ ክትትልና የቤተሰብ ተሳትፎ እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም። በመሆኑም አገልግሎቱን በነባሩ የጤና ሥርዓት ውስጥ ማካተት የሚቻል መሆኑን ከዚህ በታች የቀረቡት መረጃዎች ያመለክታሉ።

የሕመሙ ዓይነቶች

አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለው ሕመም ታማሚው የሚመገበውን እጅግ በመቀነስ ክብደቱ ለጤና አስጊ እስኪሆን የሚወርድበት ነው። ሕመሙ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው። ቡሊሚያ ነርቮሳ በአንጻሩ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ በልቶ ወዲያው በማስመለስ፣ ማስቀመጫ መድኃኒት በመውሰድ ወይም በሌላ መንገድ ክብደትን ለመቆጣጠር የሚደረግ ተደጋጋሚ ድርጊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል በዝርዝር ገልጾታል። ሦስተኛው ዓይነት ታማሚው ራሱን መቆጣጠር ተስኖት ከመጠን በላይ የሚበላበት፣ ነገር ግን የማያስመልስበት ሕመም ነው።

ፒካ የሚባለው ደግሞ አፈር፣ ሸክላና የመሳሰሉትን ምግብ ያልሆኑ ነገሮች አዘውትሮ መብላት ነው። በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የሚታየው አፈር የመብላት ፍላጎት ሁልጊዜ የአእምሮ ሕመም ተደርጎ አይወሰድም፤ ሆኖም ከደም ማነስና ከአይረን እጥረት ጋር ብዙውን ጊዜ ተያይዞ ይገኛል። አፈር መብላት ለአንጀት ትላትል ከማጋለጡም በላይ አንዳንድ የሸክላ አፈር ዓይነቶች አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። የደም ማነስ ምርመራና የአይረን እንክብል በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚገኙ አገልግሎቶች በመሆናቸው፣ ከዚህ ምድብ በቀላል ወጪ ሊታገዝ የሚችለው ችግር ይኸው ነው።

ጉዳዩ ቸል የሚባል አለመሆኑን የሞት መጠኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 36 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያመለክተው፣ በአኖሬክሲያ የተያዙ ሰዎች የመሞት ዕድል ተመሳሳይ ዕድሜና ጾታ ካላቸው ሰዎች ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ከሞቱት ውስጥ ከአምስቱ የአንዱ ያህል ሕይወት ያለፈው ራስን በማጥፋት ነበር።

ጾምና ሕመም

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶና የእስልምና እምነት ተከታዮች አብረው በሚኖሩበት በባሌ ጾም የተከበረ ሥርዓት ነው። ስለሆነም የጤና ባለሙያው ጾምን እንደ ሕመም ሊቆጥር፣ ሕመምንም በጾም ስም ሊያልፍ አይገባውም። ጾም የታወቀ ጊዜ ያለው፣ ከማኅበረሰቡ ጋር የሚጀመርና በፍስክ ወይም በኢፍጣር የሚፈታ ነው። ሕመም ግን ጾሙ ካበቃ በኋላም ይቀጥላል፤ ታማሚውን ከገበታ፣ ከወዳጅ ዘመድና ከትምህርት ያርቃል።

በጋና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው እጅግ የቀነሰ አንዳንድ ልጃገረዶች ምግብ የሚተዉት መወፈርን ፈርተው ሳይሆን ከሃይማኖታዊ ምክንያት ጋር አያይዘው መሆኑን አመልክቷል። ይህም ሕመሙ በየአገሩ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ እንደማይቀርብ ያስገነዝባል። ሁለቱም እምነቶች ታማሚን ከጾም ነፃ የሚያደርግ ሥርዓት ስላላቸው፣ የሃይማኖት አባቶች ለሕክምናው መሳካት አጋር ሊሆኑ ይችላሉ።

ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ ሕክምናዎች

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና ክብካቤ ልቀት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ የተለያዩ ሕክምናዎችን ውጤትና ወጪ መርምሮ የተዘጋጀ ነው። ከመጠን በላይ የመብላት ሕመምና ቡሊሚያ ላለባቸው አዋቂዎች በመጀመሪያ እንዲሰጥ የሚመክረው፣ ታማሚው በተዘጋጀ ጽሑፍ ራሱን እንዲረዳ በባለሙያ የሚደገፍበትን ዘዴ ነው። ድጋፉ በ16 ሳምንታት ውስጥ ከ4 እስከ 9 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ለ20 ደቂቃ ይሰጣል። ይህ ሲደመር ከባለሙያው የሚፈለገው ጊዜ ቢበዛ 3 ሰዓት ነው። ታማሚው በቋሚ ሰዓት መመገብን ይለማመዳል፤ የበላውንና የተሰማውን ይመዘግባል፤ ችግሩን የሚቀሰቅሱ ሁኔታዎችንም ይለያል።

ይህ በቂ ካልሆነ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው የምክክር ዘዴ ለቡሊሚያ እስከ 20 ጊዜ፣ ለአኖሬክሲያ እስከ 40 ጊዜ ይሰጣል። ለታዳጊዎች አኖሬክሲያ በመጀመሪያ የሚመረጠው ወላጆች ልጃቸውን መልሰው እንዲመግቡ ኃላፊነት የሚወስዱበት የቤተሰብ ሕክምና ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ18 እስከ 20 ጊዜ ይካሄዳል። ዘዴው ቤተሰብን የሚወቅስ ሳይሆን የሕክምናው ዋና ኃይል አድርጎ የሚያሰልፍ ነው።

ከመድኃኒት ረገድ ፍሉኦክሰቲን ለቡሊሚያ ይረዳል። መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ነው። ሆኖም መድኃኒት ብቻውን ለእነዚህ ሕመሞች የተሟላ ሕክምና ተደርጎ እንዳይሰጥ መመሪያው ያሳስባል።

ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መታከምም ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት አያስገኝም። በጀርመን 172 አኖሬክሲያ ያለባቸውን ታዳጊዎች ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከአጭር ጊዜ የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ቀን ቀን እየታከሙ ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ተኝተው ከሚቆዩት ያላነሰ ውጤት፣ ባነሰ ወጪ እንዳገኙ አረጋግጧል።

አፋጣኝ የሆስፒታል ሕክምና የሚያስፈልግበት ሁኔታ

አንዳንድ ታማሚዎች ግን በምክክር ብቻ ሊታከሙ አይችሉም። የልብ ምት በደቂቃ ከ40 በታች መውረድ፣ ተደጋጋሚ ራስን መሳት፣ በደም ውስጥ የፖታሲየም መጠን መቀነስ፣ በአዋቂ ሰው ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ ከ13 በታች መሆን፣ እንዲሁም ራስን የማጥፋት ሐሳብ አስቸኳይ የሆስፒታል ሕክምና ይጠይቃሉ።

ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየን ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መመገብም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ሰውነት በድንገት ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በፍጥነት ስለሚወርድ ልብና መተንፈሻ ይታወካሉ። በዚህ ረገድ የአገራችን ባለሙያዎች እንግዳ አይደሉም። ለከፋ የምግብ እጥረት የተጋለጡ ሕፃናትን በኤፍ-75 ወተት አረጋግቶ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ምግብ የማሸጋገር ሥራ ለዓመታት ሲከናወን ቆይቷል። የአዋቂዎች የምግብ መጠንና ክትትል የተለየ ቢሆንም የጥንቃቄው መርሕ አንድ ነው።

አገልግሎቱን ወደ ወረዳ ለማድረስ

ኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናን ከአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ወደ ክልሎች ለማስፋት ስትጥር ቆይታለች። የአእምሮ ጤና ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል። በቡታጅራ አካባቢ 329 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ አጠቃላይ ባለሙያዎች የተሰጠው ሕክምና በአእምሮ ጤና ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የአመጋገብ መዛባትን የሚመለከት ባይሆንም፣ ሥልጠናና ድጋፍ ያገኘ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ከባድ ኃላፊነት መሸከም እንደሚችል ማስረጃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አጠቃላይ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የተሻሻለ መመሪያ ለአመጋገብ መዛባት ሕመም የተለየ ምዕራፍ የለውም። ክፍተቱ ካልተሞላ ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመላለስ የመዳን ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ርቀቱም ቀላል አይደለም። የመዳ ወላቡ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከብድሬ ወደ ጎባ የሚመጣ ታማሚ በደሎ መና አድርጎ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ ይኖርበታል። ለ20 ደቂቃ ምክክር ይህን መንገድ በየጊዜው መመላለስ ለአንድ ቤተሰብ ከሕክምናው ዋጋ በላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ምክክሩ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቢሰጥና ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለከባድ ሕሙማንና ለባለሙያዎች ድጋፍ ቢውል የሁለቱም አቅም በአግባቡ ጥቅም ላይ ይውላል። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑ ለሥራው አመቺ ነው።

ለዚህም በየደረጃው ያሉ የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው፣ የራስ አገዝ ጽሑፎችን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ማዘጋጀትና ማንበብ ለማይችሉ ታማሚዎች ባለሙያው እንዲያነብላቸው ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ክብደቱ ለቀነሰ ሰው ሁሉ ስለ አመጋገቡና ስለ ማስመለስ በአክብሮት እንዲጠይቁ ማሠልጠን ነው። ሦስተኛው፣ መምህራን ሳይበሉ የሚውሉና የሚደክሙ ተማሪዎችን ሳያሳፍሩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ አሠራር መዘርጋት ነው።

ከእነዚህ ተግባራት አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚገባ መሣሪያ አይጠይቅም። በገበታ ፊት ተቀምጦ መብላት ያልቻለን ሰው በወቅቱ ለይቶ በቅርቡ ባለ ባለሙያ ማገዝ፣ ውሎ አድሮ ከሚደርሰው የሆስፒታል ወጪና ከሚጠፋው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ዋጋ ያለው ተግባር ነው።